ከተዋጊ አውሮፕላን ወደ ቤት መኪና፦ የመኪና ቀበቶን የሠራው ኒልስ ቦህሊን

አውሮፕላን ተሳፍራችሁ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያልተሳፈራችሁም በቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ከመነሳቱ በፊት የበረራ አስተናጋጇ መተላለፊያው ላይ ቆማ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚፈታ ታሳያለች። ብዙው ተሳፋሪ ግን ስልኩ ላይ ነው። ቀበቶ መፍታት ደግሞ ማንን ያቅተዋል?

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአውሮፕላኑ ቀበቶ የሚይዘው ወገብን ብቻ ነው፤ የሚፈታውም የዘለበቱን ክዳን ወደ ላይ በማንሳት ነው። የመኪናው ቀበቶ ግን ከትከሻ ወርዶ፣ ደረትን አቋርጦ፣ ወገብንም ይይዛል፤ የሚፈታው ደግሞ ጎን ላይ ያለችውን ቁልፍ በመጫን ነው። እንዴት ነው ነገሩ? በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበረው ቀለል ያለውን ይዞ፣ በሰዓት 60 የሚሄደው መኪና ጠንከር ያለውን ያሰረው ለምንድነው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የአንድ ሰው ሕይወት በደንብ ያግዘናል። ሰውየው ስዊድናዊው ኢንጂነር ኒልስ ቦህሊን ነው። የሥራ ዘመኑን የመጀመሪያ ክፍል አብራሪን ከአውሮፕላን ወርውሮ የሚያወጣ መቀመጫ ላይ ሠራ። ቀሪውን ደግሞ ሰው ከመኪና መቀመጫው እንዳይወረወር አድርጎ በማሰር አሳለፈው። ዛሬ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ጠቅ የምታደርጉት ቀበቶ የእሱ ሥራ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰሜን ስዊድን እስከ ሳብ

ኒልስ ቦህሊን ሐምሌ 17 ቀን 1920 በስዊድን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ሃርኖሳንድ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። እዚያው ከተማ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1939 ዲፕሎማውን ያዘ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀመረበት ዓመት ነው። ስዊድን ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፤ ነገር ግን ዙሪያዋን እሳት ስለነበር የራሷን የጦር አውሮፕላኖች በፍጥነት መሥራት ነበረባት። ይህን ሥራ የያዘው ሳብ የተባለው ኩባንያ ነበር። ቦህሊንም በ1942 የአውሮፕላን ዲዛይነር ሆኖ ሳብ ገባ።

በነገራችን ላይ ሳብ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ አብራሪ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጅ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይበሩ ከነበሩት አውሮፕላኖች መካከል ሳብ ሳፊር እና ሳብ 17 ይገኙበት ነበር። ቦህሊን ያኔ በዚያው ኩባንያ የሚሠራ ወጣት ኢንጂነር ነው።

በጊዜው ሳብ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። ሳብ 21 የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ሞተሩም ፕሮፔለሩም ከአብራሪው ጀርባ ነበሩ። አውሮፕላኑ ቢመታና አብራሪው በፓራሹት ልዝለል ቢል፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ሊቆራርጠው ይችላል። ስለዚህ አብራሪውን ከነመቀመጫው በፈንጂ ኃይል ወደ ላይ የሚወነጭፍ መቀመጫ ተሠራ። በ1946 አየር ላይ ከተጋጨ ሳብ 21 አንድ አብራሪ በዚህ መቀመጫ ተወንጭፎ ወጥቶ ተርፏል። ቦህሊን በሳብ ቆይታው እነዚህን ተወንጫፊ መቀመጫዎች በማሻሻል ሥራ ላይ ከዋሉት ባለሙያዎች አንዱ ሆነ።

ይህ ሥራ ሁለት ነገር አስተማረው።

አንደኛው፣ የሰው አካል ከምናስበው በላይ ኃይል መቋቋም እንደሚችል ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በትክክለኛው አቅጣጫ መያዝ አለበት፣ ኃይሉም ያረፈበት አጥንት ጠንካራ መሆን አለበት። መቀመጫው ሲወነጨፍ አከርካሪ ቀጥ ካላለ ይሰበራል። ማሰሪያው ከላላ ሰውየው ከመቀመጫው ጋር ይጋጫል። ጥያቄው ሰውየው ታስሯል ወይስ አልታሰረም ብቻ አልነበረም። የት ላይ ነው የታሰረው? ይህ ነበር ዋናው።

ሁለተኛው ስለ ሰው ባህርይ ነው። ተዋጊ አብራሪ ትከሻና ትከሻውን፣ ወገቡን፣ በእግሮቹ መካከል ሳይቀር ቢያስሩት አያማርርም። ለመትረፍ የተባለውን ሁሉ ይለብሳል። ቦህሊን በኋላ ላይ እንደታዘበው መኪና የሚነዳ ተራ ሰው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መጨናነቅ አይፈልግም። የሠራው ቀበቶ በሙሉ የቆመው በዚህች ትዝብት ላይ ነው።

አብራሪዎችን አስፋልት ሲገድላቸው

ቦህሊን ብቻውን አልነበረም። የመኪና ደህንነት ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ብዙዎቹ ሰዎች መነሻቸው አውሮፕላን ነው።

ሂዩ ዴሄቨን የተባለ አሜሪካዊ በ1917 የበረራ ተማሪ ሳለ አየር ላይ ግጭት ደርሶበት ተረፈ፤ የሆድ ዕቃው ግን ክፉኛ ተጎዳ። ለጉዳቱ ምክንያት ያደረገው ራሱ የታሰረበትን ቀበቶና ዘለበቱን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሰዎች ከአደጋ እንዴት እንደሚተርፉ በማጥናት አሳለፈ።

ሌላው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ጆን ፖል ስታፕ ነው። በታኅሣሥ 1954 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ራሱን ሮኬት በሚገፋው ባቡር መሰል መንሸራተቻ ላይ አሰረ። በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተወነጨፈና በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ቆመ። አካሉ ላይ ያረፈው ኃይል ከስበት ኃይል 46 እጥፍ ነበር። ዓይኖቹ ደም ለበሱ፤ ግን በሕይወት ወጣ። በደንብ የታሰረ ሰው ምን ያህል እንደሚችል በራሱ አካል አሳየ።

ስታፕ ሲያጠና ሌላ ነገርም ደረሰበት። የአየር ኃይሉ ሰዎች ከሰማይ ይልቅ አስፋልት ላይ ነበር በብዛት የሚያልቁት። ያንን ሁሉ ማሰሪያ ታጥቆ የሚበር አብራሪ ሥራ ጨርሶ ቤቱ ሲሄድ መኪናው ውስጥ ምንም ሳያስር ይቀመጣል። ስታፕ ከ1955 ጀምሮ ስለ መኪና ግጭት ብቻ የሚወያይ ጉባኤ መሰብሰብ ጀመረ። ይህን ጉባኤ አስታውሱት፤ ቦህሊን ኋላ ላይ ይመጣበታል።

የአንድ ሥራ አስኪያጅ ሐዘን

በ1950ዎቹ መኪና ውስጥ ቀበቶ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ተጨማሪ ለከፈለ ሰው ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ይሸጡ ነበር። ከአውሮፕላን የተወሰደው ዓይነት ማለት ነው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ከትከሻ እስከ ጎን በሰያፍ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ተጀምሮ ነበር።

ሁለቱም ችግር ነበረባቸው። ወገብ ላይ ብቻ ስትታሰሩ የላይኛው አካል እንደ ሰንጢ ወደ ፊት ይታጠፍና ጭንቅላት ከመሪው ወይም ከዳሽቦርዱ ጋር ይጋጫል። ቀበቶው ወደ ሆድ ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። በሰያፍ ብቻ ሲሆን ወገብ ልቅ ነው፤ ሰውየው ከሥር ሊሾልክ፣ ዞሮ ሊወጣ ወይም ማሰሪያው አንገቱን ሊይዘው ይችላል።

የዚያን ጊዜ የቮልቮ ፕሬዚዳንት ጉናር ኤንግላው ይባላል። ቮልቮ ሲባል እኛ ቀድሞ የሚመጣብን ከባዱ የጭነት መኪና ነው፤ ያኔ ግን የቤት መኪናዎቹ በስዊድን መንገዶች ሁሉ ይታዩ ነበር። የኤንግላው ዘመድ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ለሞቱ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ሁለት ቦታ ብቻ የሚታሰረው ሰያፍ ቀበቶ ጉድለት ነበር። ልብ በሉ፣ ጥያቄው ቀበቶ የለም የሚል አልነበረም። ቀበቶ ነበረ፤ ግን በትክክል አልያዘም።

ኤንግላው በ1958 ከሳብ ቦህሊንን ወሰደው። የቮልቮ የመጀመሪያው የደህንነት ኢንጂነር አደረገው። ዕድሜው 38 ነው። ለዓመታት ሰውን ከኮክፒት ስለማስወጣት ሲያስብ የኖረ ሰው፣ አሁን ሰውን መኪናው ውስጥ የማቆየት ሥራ ተሰጠው።

ቀላል የመሰለው ሥራ

ቦህሊን የተዋጊ አብራሪውን ማሰሪያ ቀጥታ ወደ መኪና ማምጣት ይችል ነበር። ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ መሃል ላይ ዘለበት። ከደህንነት አንፃር ግሩም ነው። ግን ዳቦ ልገዛ ብሎ የወጣ ሰው አራት ማሰሪያ ይቆላልፋል? አይቆላልፍም። ካልታሰረ ደግሞ የዓለም ምርጡ ቀበቶ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ለራሱ ያስቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነበር። የላይኛውንም የታችኛውንም አካል መያዝ አለበት። ኃይሉ የሚያርፈው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ፣ የጎድን አጥንትና ትከሻ ላይ መሆን አለበት። ደግሞም ማንም ሰው ሳያስብበት፣ በአንድ እጅ የሚያስረው መሆን አለበት።

አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው መልሱን አገኘ። አንድ ማሰሪያ ከትከሻ በላይ ይጀምራል፤ ደረትን አቋርጦ ዳሌ አጠገብ ወዳለው መቆለፊያ ይወርዳል። እዚያ ይታጠፍና ወገብን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ሦስት መያዣ ነጥብ፣ አንድ ጠቅታ። ማሰሪያዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ ጫፉ ወደ ወለሉ የሚያመለክት የእንግሊዝኛውን ቪ ፊደል ይመስላሉ። ይህ ቅርጽ ለውበት አይደለም። ግጭት ሲፈጠር ማሰሪያው ቦታውን ሳይለቅ፣ ወደ ሆድ ሳይሸሽ እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሦስት ቦታ የሚይዝ ቀበቶ ያሰበው ቦህሊን ብቻ አልነበረም። ዴሄቨን ከሮጀር ግሪስዎልድ ጋር ሆኖ በአሜሪካ ቀደም ብሎ አንድ ዓይነት ሠርቶ ነበር። የእነሱ ግን መቆለፊያው ሆድ መሃል ላይ ነው የሚያርፈው። በግጭት ጊዜ ብረት ሆድ ላይ ሲጫን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ቦህሊን መቆለፊያውን ወደ ጎን፣ ዳሌ አጠገብ አወረደው። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች፤ ልዩነቱ ግን የሕይወትና የሞት ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ትሉ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግድግዳ ጋር የሚጋጭ መኪና፣ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደመውደቅ ነው። የሦስተኛ ፎቅ መስኮት አስቡት። መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥላል፣ መሪው ወይም የፊት መስታወቱ እስኪያቆመው ድረስ። እጄን ዘርግቼ ራሴን እይዛለሁ ማለት ከፎቅ ወድቄ በእጄ እቆማለሁ እንደማለት ነው።

ነሐሴ 1959

ነሐሴ 13 ቀን 1959 ክርስቲያንስታድ በምትባል የስዊድን ከተማ አንድ የመኪና ሻጭ አዲስ መኪና ተረከበ። ቮልቮ ፒቪ 544 ነበር። ቦህሊን የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ከፋብሪካ ተገጥሞለት የወጣ የመጀመሪያው መኪና እሱ ነው። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ ሆነ።

የአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ደግሞ በሐምሌ 1962 ተሰጠ። ቮልቮ ያኔ ያደረገው ነገር ዛሬም ይገርማል። መብቱን ይዞ ከየአምራቹ ገንዘብ መሰብሰብ ይችል ነበር፤ ወይም ደህና ቀበቶ ያለው የእኔ መኪና ብቻ ነው ብሎ መሸጥ ይችል ነበር። አላደረገውም። ማንም አምራች እንዲጠቀምበት ክፍት አደረገው። ዛሬ ከጃፓን ይምጣ ከጀርመን፣ የምትሳፈሩበት መኪና ሁሉ ይህን ቀበቶ የያዘው በዚህ ውሳኔ ጭምር ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። ቀበቶው ተገጠመ፤ ሰው ግን አላሰረም። ያጨናንቃል፣ ልብስ ያጨማድዳል፣ መኪናው ቢቃጠል ወይም ውኃ ቢገባ አያስወጣም የሚሉ ሰበቦች ያኔም ነበሩ። አንዳንዱ መታሰርን እንደ ፍርሃት ቆጠረው። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቀበቶዎች እንደ ዛሬው ራሳቸው የሚጠቀለሉ አልነበሩም፤ በእጅ መስተካከል ነበረባቸው። ራሱን የሚጠቀልለውና ድንገት ሲሳብ ቀጥ የሚለው ዓይነት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው።

28,000 አደጋዎች

ቦህሊን ክርክሩን በወሬ ሳይሆን በቁጥር ለመመለስ ወሰነ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ስዊድን ውስጥ ቮልቮ መኪኖች የደረሱባቸውን ከ28,000 በላይ አደጋዎች መረጃ ሰብስቦ አጠና። ማን አስሮ ነበር፣ ማን አላሰረም፣ መኪናው በስንት ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ምን ጉዳት ደረሰ የሚለውን ለየ።

በ1967 ጥናቱን ይዞ ወደ አሜሪካ ሄደና በዚያ በስታፕ ስም በሚጠራው ጉባኤ ላይ አቀረበው። የሮኬቱ ሰውዬ የጀመረው ጉባኤ ማለት ነው። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቀበቶ ጉዳትን በግማሽ ገደማና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ያላሰሩ ሰዎች በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሳይቀር ሞተዋል። ካሰሩት መካከል ግን በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደረስ ድረስ አንድም የሞተ አልተገኘም።

20 ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ሰፈር ውስጥ የምንሄድበት ፍጥነት ነው። ቅርብ ስለሆነ ላላስር የሚለውን ሰበብ ይህ ጥናት ከ50 ዓመት በፊት ነው የመለሰው።

ቀጥሎ ሕግ መጣ። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ቀበቶ እንዲኖራቸው አስገደደች። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ1970 ማሰርን ግዴታ በማድረግ ቀዳሚ ሆነች። የቀበቶው አገር ስዊድን ራሷ የፊት ተሳፋሪዎችን ያስገደደችው በ1975 ነው፤ ቀበቶው ከተሠራ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ። በአሜሪካ ደግሞ ኒውዮርክ በ1984 የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ቀበቶውን ለመሥራት አንድ ዓመት ያልሞላ ጊዜ በቃ፤ ሰውን ማሳሰር ግን አሥርት ዓመታት ፈጀ።

ታዲያ አውሮፕላኑ ለምን ወደኋላ ቀረ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከአውሮፕላን ወደ መኪና ከወረደ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ተሳፋሪ ለምን አሁንም ወገቡን ብቻ ያስራል?

አንደኛ፣ አደጋው የሚመጣበት አቅጣጫ ይለያል። መኪና ውስጥ ዋናው ጠላት ከፊት የሚመጣ ግጭት ነው፤ ጉልበታችሁ አጠገብ ዳሽቦርድ፣ ደረታችሁ ፊት መሪ አለ። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው አየር ሲናወጥ ነው። ያኔ አውሮፕላኑ ድንገት ዝቅ ሲል ያልታሰረ ሰው ወደ ጣሪያው ይነሳል። ወገብን ከመቀመጫ ጋር የሚያጣብቅ ቀበቶ ለዚህ በቂ ነው። በግንቦት 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን በኃይለኛ የአየር መናወጥ ተመታ። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያላሰሩ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነስተው መልሰው ወደቁ። አንድ ተሳፋሪ ሞተ፤ ብዙዎች ተጎዱ፤ አውሮፕላኑም ባንኮክ ለማረፍ ተገደደ።

ሁለተኛ፣ የትከሻውን ጫፍ የት ታስሩታላችሁ? መኪና ውስጥ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ምሰሶ ይይዘዋል። አውሮፕላን መሃል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አጠገብ ምሰሶ የለም። ያለው አማራጭ ከመቀመጫው ጀርባ ጋር ማሰር ነው። ያኔ የመቀመጫው ጀርባ የሰውን ሙሉ ክብደት በግጭት ኃይል ተባዝቶ መሸከም ይኖርበታል። ያ ማለት ወፍራምና ከባድ መቀመጫ፣ ሲባዛ በመቶዎች የሚቆጠር ወንበር ነው።

ሦስተኛ፣ ከፊታችሁ ያለው መቀመጫ ራሱ የጥበቃው አካል ነው። አጎንብሳችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ፊተኛው መቀመጫ አስጠጉ የሚባለው የአደጋ አቀማመጥ፣ አካል ከመወርወሩ በፊት የሚጋጭበትን ርቀት አስቀድሞ ይቀንሳል። መቀመጫዎቹም ዝም ብለው የተሰኩ ወንበሮች አይደሉም። ከ2009 መጨረሻ ወዲህ የሚመረቱና በአሜሪካ ደንብ የሚሠሩ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ መቀመጫቸው ከስበት ኃይል 16 እጥፍ በሆነ የፊት ለፊት ግጭት የተፈተነ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ መውጣት አለ። ትልቅ አውሮፕላን ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ግማሹ በሮቹ ተዘግተው እንኳ ተሳፋሪው በሙሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል መታየት አለበት። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያለ ችግር የሚፈታው ቀበቶ ያስፈልጋል።

ትከሻ ማሰር አውሮፕላን ውስጥ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ፓይለቶቹን እዩዋቸው፤ ሁለቱም ትከሻቸው ታስሯል። በመነሻና በማረፊያ ጊዜ የበረራ አስተናጋጆቹ የሚቀመጡበትን ታጣፊ ወንበርም እዩ፤ የትከሻ ማሰሪያ አለው። ከፊታቸው የሚይዛቸው መቀመጫ የለም፤ ከአደጋ በኋላ ደግሞ ሌላውን የሚያስወጡት እነሱ ናቸው። በአሜሪካ የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችም ከ1986 መጨረሻ ወዲህ በሁሉም ወንበር ላይ የትከሻ ማሰሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። በትልልቆቹም አንዳንድ ወንበሮች ላይ፣ ለምሳሌ ከፊታቸው ግድግዳ ባለባቸው ቦታዎች፣ ቀበቶው ውስጥ የተደበቀ ኤርባግ ይገጠማል።

እንግዲህ የቦህሊን ትምህርት አየር ላይም ይሠራል ማለት ነው። ጥያቄው የቱ ቀበቶ ይበልጣል ሳይሆን፣ ሰውየው የት ነው የተቀመጠው፣ ኃይሉ ከየት ይመጣበታል፣ በእውነትስ ያስረዋል ወይ የሚል ነው።

የአስተናጋጇም ማሳያ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። ሁላችንም ከአውሮፕላን ይልቅ መኪና ለምደናል። በጭስና በጩኸት መሃል እጅ የሚፈልገው የለመደውን ነው፤ የሌለችውን ቁልፍ ጎን ላይ ሲፈልግ ሰከንዶች ይባክናሉ። የአውሮፕላኑ ግን ወገብ መሃል ላይ ነው፤ ክዳኑን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ። በሚቀጥለው ጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሁለቴ ፈታችሁ እሰሩት፤ እጃችሁ ይልመደው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቦህሊን ከ1969 ጀምሮ የቮልቮን ማዕከላዊ የምርምርና ልማት ክፍል መራ። በ1985 ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት የጀርመን የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ባለፉት 100 ዓመታት ለሰው ልጅ እጅግ ከጠቀሙ 8 ፈጠራዎች መካከል የእሱን ቀበቶ አስቀመጠው። በ1995 የስዊድን ሮያል የምህንድስና ሳይንስ አካዳሚ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው።

መስከረም 21 ቀን 2002 በ82 ዓመቱ ስዊድን ውስጥ አረፈ። በዚያው ዓመት ስሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ቮልቮ እንደሚገምተው ቀበቶው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ስሙን እንኳ ሰምተውት አያውቁም።

ለእኛ የሚቀረው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር የመኪና ተሳፋሪን የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ይህ ግን ለሚያስር ሰው ነው። እኛ ጋ ስንቱ ነው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ደረቱ ላይ ጣል የሚያደርገው? ስንቱ ነው የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለማጥፋት ከጀርባው አዙሮ የሚቆልፈው? ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ማሰርን ጭራሽ የምናስበው ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

የወገቡ ማሰሪያ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይረፍ። ነፍሰ ጡር እህቶችም ከሆድ በታች ነው የሚያስሩት።

የደረቱ ማሰሪያ ትከሻ መሃል ላይ ይለፍ። በብብት ሥር ወይም ከጀርባ አታድርጉት፤ ያኔ ወደ ድሮው ጎደሎ ቀበቶ መመለሳችሁ ነው።

ልጅን አቅፎ አንድ ላይ መታሰር ልጁን በራሳችሁ ክብደት መጨፍለቅ ነው። አንድ ቀበቶ ለአንድ ሰው።

ከኋላ ስትቀመጡም እሰሩ። ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ከፊት ያለውን የታሰረ ሰው ሊገድለው ይችላል።

አውሮፕላን ውስጥ ምልክቱ ቢጠፋም ተቀምጣችሁ እስካላችሁ ድረስ አጥብቃችሁ እሰሩ። የአየር መናወጥ ሁልጊዜ አስጠንቅቆ አይመጣም።

ቦህሊን ሰነፍ መሆናችንን፣ መቸኮላችንን፣ መጨናነቅ እንደማንወድ አውቆ ነው በአንድ እጅ የሚታሰር አድርጎ የሠራው። የቀረውን ያቺን አንድ ጠቅታ ግን ለእኛ ትቶልናል። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ከኋላ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ ቀበቶው ከወንበሩ ሥር ገብቶ ከሆነ አውጡት። ይህን ጽሁፍ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ነው እኮ ለሚለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።